በሊጥ የታሸገ ሾርባ፦ ሺያውሎንግባው እንዴት ይሠራል፣ እንዴትስ ይበላል?

የቻይና ምግብ ቤት ገብቶ ሩዝና ኑድል አዝዞ፣ በልቶ መውጣት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሺያውሎንግባው ግን ያስፈልገዋል። ከቀርከሃ በተሠራ ክብ መቀቀያ፣ እንፋሎቱ እየተትጎለጎለ ይቀርባል። ክዳኑ ሲነሳ ከ6 እስከ 10 የሚሆኑ፣ አናታቸው የተሸነሸነ፣ ትንንሽ ነጫጭ ጥቅልሎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ አለ። ከሥጋው ጋር ደግሞ ትኩስ ሾርባ አለ። ሊጡ ስስ ነው፤ ግን አልተቀደደም፣ አላፈሰሰም።

መጀመሪያ ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ፈሳሽ ነገር በስስ ሊጥ እንዴት ይጠቀለላል? መልሱ አጭር ነው፤ አይጠቀለልም። ሲጠቀለል ሾርባው ገና ሾርባ አልሆነም ነበር። ይህቺን ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ከዚያ ይመዘዛል። ለምን ቶሎ መበላት እንዳለበት፣ ለምን ምላስ እንደሚያቃጥል፣ ለምን ታሽጎ ቤት ሲገባ ጣዕሙ እንደሚጠፋ። ደግሞም ለእኛ ሰው ዋና የሆነው ነገር፦ «ሽሪምፕ ነው» ተብሎ ያዘዘውም ሰው ለምን አሳማ ሊበላ እንደሚችል።

ሾርባው መጀመሪያ ይረጋል

ሥራው የሚጀምረው ከአሳማ ቆዳ ነው። ቆዳው ስቡ ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ በቀስታ እሳት ለሰዓታት ይቀቀላል። አንዳንዱ ቤት የዶሮ እግር ወይም አጥንት ይጨምርበታል። ቆዳና ጅማት ውስጥ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን አለ። ኮላጅን እንዳለ ጠንካራ ነው፤ ጥርስ ያስቸግራል። በሙቅ ውሃ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ግን ተፈታትቶ ጄላቲን ይሆናል። ጄላቲን ያለበት ሾርባ ሲሞቅ ይፈሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። እቤት የእግር ሾርባ ተሠርቶ ፍሪጅ ሲያድር ጠዋት በማንኪያ የሚቆረጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ያ የረጋ ሾርባ ይከተፋል፣ ወይም በሥጋ መፍጫ ያልፋል። ከዚያ ከተፈጨ የአሳማ ሥጋ ጋር ይለወሳል። ዝንጅብል፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ ሶይ ሶስ፣ ትንሽ ስኳርና ሻኦሺንግ የሚባል የሩዝ ወይን ይገባበታል። ወይኑን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጄላቲን የሚቀልጠው ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ ባልራቀ ሙቀት ነው። የሰው እጅ ሙቀት ራሱ ሊያላላው ይችላል። ስለዚህ ሙሌቱ ከፍሪጅ ወጥቶ ቶሎ ቶሎ መጠቅለል አለበት። ወጥ ቤቱ ከሞቀና ሥራው ከተጓተተ ሙሌቱ ይላላል፣ ሊጡ ይረጥባል፣ አናቱ አልዘጋ ይላል። ብዙ ጥሩ ቤቶች አስቀድመው ጠቅልለው የማያከማቹትና ትእዛዝ ሲመጣ የሚጠቀልሉት ለዚህም ነው።

ጥቅልሎቹ መቀቀያው ላይ ይደረደራሉ። እንዳይጣበቁ ከስራቸው የጥቅል ጎመን ቅጠል፣ እርጥብ ጨርቅ ወይም የተበሳሳ ወረቀት ይነጠፋል። መቀቀያው ውሃ የሚፈላበት ድስት አናት ላይ ይጣዳል። በ6 እና በ10 ደቂቃ መካከል ሦስት ነገር አንድ ላይ ይሆናል። ሊጡ ይበስላል፣ ሥጋው ይበስላል፣ የረጋው ይቀልጣል። ሥጋውም የራሱን ጭማቂ ይጨምርበታል። በዚያች ደቂቃ ውስጡ ያለው ሾርባ ሊፈላ ምንም አልቀረውም፤ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰውም በዚያው ሙቀቱ ነው።

ሊጡም የራሱ ጣጣ አለው

ሊጡ ዱቄትና ውሃ ነው። ለሺያውሎንግባው ብዙውን ጊዜ አይቦካም። የቦካ ሊጥ ውስጡ በአየር የተሞላ ስለሆነ ሾርባውን ይመጠዋል። በግማሽ የቦካ ሊጥ የሚጠቀሙ አሉ፤ እነሱ ጥቅልሉ ወፈር እንዲልና ለስለስ እንዲል ፈልገው ነው። በስስ ሊጥ የሚኮራ ቤት ግን ያልቦካ ሊጡን በደንብ አሽቶ ያሳርፈዋል። ሊጡ ሲለጠጥ እንዳይበጠስ የሚያደርገው መታሸቱና ማረፉ ነው።

ወጥ ቤታቸውን በመስታወት ከልለው ለደንበኛ የሚያሳዩ ቤቶች አሉ። ወረፋ ስትጠብቁ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። አንዱ ሊጡን አድቦልቡሎ ያስረዝምና በእጁ እየቆረጠ ሚዛን ላይ ይጥላል። ሁለተኛው ከእርሳስ ብዙ የማትወፍር አጭር መዳመጫ ይዟል። በቀኝ እጁ መዳመጫዋን ከጠርዝ ወደ መሃል ይገፋል፤ በግራው ሊጡን ያዞራል። ጠርዙ ይሳሳል፣ መሃሉ ትንሽ ወፈር ይላል። ሦስተኛው ክቡን ሊጥ ግራ መዳፉ ላይ ያሳርፋል፤ ሙሌቱን በመሃል ያስቀምጣል። የቀኝ አውራ ጣትና ሌባ ጣቱ ጠርዙን ቆንጠጥ እያደረጉ ይሸነሽናሉ። ግራ እጁ ጥቅልሉን ያዞራል እንጂ ቀኙ ከቦታው አይነቃነቅም። አናቱ ላይ ሲደርስ ጠምዘዝ አድርጎ ይዘጋዋል። ይህ ሁሉ የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው።

ጠርዙ ለምን ይሳሳል? ሽንሽኑ ሁሉ አናት ላይ ስለሚሰበሰብ ነው። ጠርዙ እንደ መሃሉ ቢወፍር አናቱ ላይ ጥሬ የሊጥ ቋጠሮ ይቀራል። መሃሉ ደግሞ ሾርባውን ተሸክሞ ስለሚቀመጥ ጉልበት ያስፈልገዋል። ዲን ታይ ፈንግ የተባለው የታይዋን ምግብ ቤት ይህን በቁጥር አስሮታል። ሊጡ 5 ግራም፣ ሙሌቱ 16 ግራም፣ ሽንሽኑ 18። አንዱ ከሌላው እንዳይበላለጥ ይመዝኑታል። 18 ግን ሕግ አይደለም፤ 14ም ያደረገ፣ ከ20 በላይም ያደረገ ጥሩ ቤት አለ።

ከናንሺያንግ እስከ ታይፔ

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሺያውሎንግባው አገሩ ሻንሃይ ነው፤ በተለይ ናንሺያንግ የምትባል፣ ዛሬ በሻንሃይ ከተማ አስተዳደር ሥር ያለች አሮጌ ከተማ። እንደሚነገረው በ1870ዎቹ መጀመሪያ ኋንግ ሚንግሺያን የሚባል ሰው እዚያ ትልልቅ ባለ ሥጋ ጥቅልል ይሸጥ ነበር። ሌሎች እያዩ መኮረጅ ጀመሩ። እሱም መላ መታ። ጥቅልሉን አሳነሰው፣ ሊጡን አሳሳው፣ ሙሌቱን አበዛው። ትንሽ፣ ስስና ውስጡ የሞላ ነገር መኮረጅ ከባድ ነውና። በ1900 ደግሞ ሻንሃይ መሃል፣ ዩዩዋን የአትክልት ቦታ አጠገብ፣ የናንሺያንግ ሱቅ ተከፈተ። ዛሬም ጎብኚ ከበሩ አይጠፋም።

ዓለም ያወቀው ግን በሌላ መንገድ ነው። ያንግ ቢንግዪ የሚባል የሻንሺ ክፍለ ሀገር ወጣት በ1948 ወደ ታይዋን ተሻገረ። ዘይት ቤት ተቀጥሮ ሠራ፤ በ1958 የራሱን የዘይት ሱቅ ከፈተ። ስሙን ዲን ታይ ፈንግ አለው። በኋላ በቆርቆሮ የታሸገ ዘይት ገበያውን ወሰደበትና ሥራው ቀዘቀዘ። በ1972 የሱቁን ግማሽ ለሺያውሎንግባው አደረገው። ጥቅልሉ ዘይቱን አስረሳ። በ1993 ኒውዮርክ ታይምስ በዓለም ካሉ አሥር ምርጥ ምግብ ቤቶች መካከል ቆጠረው፤ የሆንግ ኮንግ ቅርንጫፉ ደግሞ የሚሽለን ኮከብ የሚባለውን፣ ለምርጥ ምግብ ቤት የሚሰጠውን ማዕረግ አገኘ። ያንግ በ2023 አረፉ። ዘይት ቸርቻሪ ሆኖ ቢዘልቅ ኖሮ ስሙን ማን ያነሳው ነበር?

አሜሪካ የዲን ታይ ፈንግ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ በ2000 አርካዲያ፣ ካሊፎርኒያ ተከፈተ። ከዚያ በፊት ግን፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ጆስ ሻንሃይ የተባለ ምግብ ቤት ኒውዮርክ ውስጥ ፍላሺንግ ላይ ከፍቶ፣ ቀጥሎ ማንሃተን ቻይናታውን ገብቶ፣ ኒውዮርክን በጥቅልል ሾርባ አሳብዶ ነበር። ሲያትል ያላችሁ ቤልቪው ሄዳችሁ ዲን ታይ ፈንግን ታገኙታላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ደግሞ ሩቅ አትሂዱ፤ ሮክቪል የቻይና ምግብ ቤት ሞልቶበታል።

እግረ መንገዴን፣ ሾርባ ያለበት ጥቅልል ሁሉ ሺያውሎንግባው አይደለም። ሼንግጂያንባው የሚባለው በትልቅ መጥበሻ ይጠበሳል፤ መሃል ላይ ውሃ ተጨምሮበት ይከደናል። ስሩ ይንኮሻኮሻል፣ ላዩ ይለሰልሳል፣ ሰሊጥና የሽንኩርት ቅጠል ይነሰነስበታል። ሻንሃይ ውስጥ በሚዛን ስም ነው የሚታዘዘው፤ «አንድ ሊያንግ» ካላችሁ አራት ፍሬ ይመጣል። ይህኛው ሲነከስ ወደ ፊት ይረጫል። ነጭ ሸሚዝ ለብሳችሁ አትሂዱ። ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ጂንግጂያንግ ከተማ ውስጥ ደግሞ አንዱ ፍሬ ብቻውን ሳህን ይሞላል፤ ሾርባው በስትሮ ይጠጣል። ዉሺ በምትባል ከተማ የሚሠራው ጣፋጭ ነው፤ ስኳር አይፈሩም። በበልግ፣ ሸርጣን በሚሰባበት ወቅት፣ ሻንሃይ ውስጥ የሸርጣን ሥጋና እንቁላል የተደባለቀበት ይወጣል። ዋጋው ከተራው ብዙ ጊዜ እጥፍ ነው፤ ሸርጣን መፈልፈል የእጅ ሥራ ስለሆነ።

የአሳማው ነገር

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። አብዛኛው የእኛ ሰው አሳማ አይበላም። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ እስራኤል ያለው ወገናችንም። የሚበላም አለ፤ እሱ ይህን ክፍል ዘልሎ ወደ አበላሉ ይሂድ።

የቻይና ሜኑ ላይ «ሥጋ» ብቻ ከተባለ አሳማ ነው። በሬ ወይም በግ ከሆነ ስሙ ይጠራል። ይህ ማታለል አይደለም፤ ለእነሱ ተራው ሥጋ እሱ ስለሆነ ነው። «የሸርጣን» ወይም «የሽሪምፕ» የሚለው ሺያውሎንግባው ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ላይ ሸርጣን ወይም ሽሪምፕ የተጨመረበት ነው። ከዚህ የባሰው ግን የማይታየው ነው። ሥጋው ዶሮ ቢሆን እንኳን፣ የረጋው ሾርባ ከአሳማ ቆዳ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ወጥ ቤቱ አንድ ድስት ጄላቲን ሠርቶ ለሁሉም ሙሌት ሊጠቀምበት ይችላልና። ሲበላ አይለይም፣ ሲታይም አይለይም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አይበቃም። «አሳማ አለበት ወይ?» ብላችሁ ብቻ ብትጠይቁ አስተናጋጁ ሥጋውን አስቦ «የለበትም፣ ዶሮ ነው» ይላችኋል። አይዋሽም። ቀጥላችሁ «ሾርባውስ ከምንድን ነው የተሠራው?» በሉት። ካላወቀ ወጥ ቤት ገብቶ ይጠይቅላችሁ። ፊቱን ቢያኮሳትርም ግድ የለም። ሙስሊም ከሆናችሁ ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ እሱም ቅድም ልብ በሉ ያልኳችሁ ወይን ነው። የዶሮ ሙሌት ላይም ይገባል። መቀቀያውም የጋራ ነው፤ ቅድም አሳማ የበሰለበት ላይ የእናንተ ዶሮ ሊበስል ይችላል። አንዳንዱ ይህን ንቆ ያልፋል፣ አንዳንዱ አያልፍም። የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ነው፤ ብቻ አውቆ ይወስን።

ደግነቱ ቻይና ውስጥ ራሱ አሳማ የማይነኩ ሚሊዮኖች አሉ። ሁዊ የሚባሉት ቻይናውያን ሙስሊሞች ከጥንት ጀምሮ የራሳቸው ምግብ ቤት አላቸው። ሺያን ከተማ የሙስሊሞች ሰፈር ብትሄዱ በበሬና በበግ ሥጋ የሚሠራ ባለ ሾርባ ጥቅልል ታገኛላችሁ። ጂያ ሳን የሚባለው ቤት በዚህ ነው ስም ያወጣው። ሾርባው ከአጥንት ነው። ጣዕሙ ከሻንሃዩ ይለያል፤ ከበድ ይላል፣ ቅመሙም ይጎላል። ለእኛ ምላስ ይህኛው ይቀርባል ባይ ነኝ። ከአዲስ አበባ ጓንጁ እየተመላለሰ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴም ይህን ያውቀዋል። አፍሪካውያን ነጋዴዎች በሚበዙበት ሺያውቤይ ሰፈር ሐላል ቤት ፈልጎ ማጣት የለም። አረንጓዴ ሰሌዳና ዐረብኛ ጽሑፍ ካያችሁ ግቡ። ዱባይ ያለው ዲን ታይ ፈንግ ደግሞ አሳማ አያስገባም፤ ሺያውሎንግባው በዶሮ ይሠራል።

ጾም ከሆነስ? ሾርባ ያለበትን እርሱት። የአትክልት ጥቅልል የሚባለው አለ፤ ሊጡ ዱቄትና ውሃ ስለሆነ ችግር የለበትም፤ ውስጡ ግን ሾርባ አይኖረውም። እዚህም መጠየቅ አለ። ቻይናውያን የአትክልት የሚሉት ጥቅልል ውስጥ እንቁላል መግባቱ በጣም የተለመደ ነው፤ ኩራት የሚባለው፣ የሽንኩርት ዘር የሆነው ቅጠል ከእንቁላል ጋር የታወቀ ሙሌታቸው ነው። የተጠበሰ ጎመን ላይም የኦይስተር ሶስ ያፈሱበታል፤ እሱ ከባሕር ፍጥረት የሚሠራ ነው። አንዳንድ ቤት ከባሕር ሳር በሚወጣ አጋር በሚባል ነገር ሾርባውን አርግቶ የጾም ሺያውሎንግባው ይሠራል። ይቻላል፤ ግን አጋር ለመቅለጥ 85 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፣ ሲቀዘቅዝም ገና ሞቅ እንዳለ ተመልሶ ይረጋል። ወሬ ይዛችሁ ከዘገያችሁ ሾርባ ሳይሆን የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው የምታገኙት። ለጾመኛ የእኔ ምክር በነጭ ሽንኩርትና በሰሊጥ ዘይት የተለወሰ ኪያር፣ ቶፉና የባሕር ሳር ሰላጣ፣ ከዚያ በሽንኩርት ቅጠል ዘይት የታሸ የሻንሃይ ኑድል ነው። ኑድሉ እንቁላል እንደሌለበት ብቻ አረጋግጡ። ቡድሂስቶች ሥጋ የማይበሉባቸው ቤቶችም አሉ፤ ለጾም ቀን እነሱ ይሻላሉ።

አበላሉ

ቻይናውያን ለዚህ ምግብ ግጥም አላቸው። ቀስ ብለህ አንሳ፤ ቀስ ብለህ አሻግር፤ መጀመሪያ መስኮት ክፈት፤ ከዚያ ሾርባውን ጠጣ። ከዚህ የተሻለ መመሪያ አልተጻፈም።

ሲዘረዘር እንዲህ ነው። ጥቅልሉን አናቱ ላይ ካለው ቋጠሮ በቾፕስቲክ ያዙት፤ ጎኑን አትቆንጥጡት። ከወረቀቱ ተላቆ እስኪነሳ አትቸኩሉ። ስታነሱት ሾርባው ወደ ታች ይዘቅዝና ሊጡ እንደ ከረጢት ይንጠለጠላል። በግራ እጃችሁ የያዛችሁት የሸክላ ማንኪያ ስሩ መድረስ ያለበት ያኔ ነው። ማንኪያው ላይ አሳርፉት። ከጎኑ ትንሽ ነከስ አድርጋችሁ ቀዳዳ አብጁለት። እንፋሎቱ ይውጣ። እፍ በሉበት። ከዚያ ሾርባውን ምጠጡ፤ ድምፅ ቢያሰማም ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። በመጨረሻ የቀረውን በዝንጅብልና በአቼቶ ጉረሱት።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ አጎቴን እንዲህ ያለ ቤት ወስደናቸው ነበር። የዶሮውን አዘዝንላቸው። ቾፕስቲኩን አዩና «ሹካ የለም እንዴ?» አሉ። ሹካ መጣ። መሃሉን ወግተው አነሱት። ሾርባው በቀርከሃው ክፍተት ቁልቁል ወረደ። ሊጡንና ሥጋውን አኝከው ዋጡና፣ «እሺ፣ የታለ የምትሉት ሾርባ?» አሉ። ሾርባው መቀቀያው ከተቀመጠበት ሳህን ላይ ነበር። ሁለተኛውን በማንኪያ ተሳክቶላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ማስቆም ነው ያቃተን።

ሌላው ጫፍ ደግሞ ሙሉውን አፍ ውስጥ መጣል ነው። ሾርባው ሊፈላ በደረሰ ሙቀት ነው ከመቀቀያው የሚወጣው፤ ሊጡና ስቡ ደግሞ ሙቀቱን ይይዙታል። ውጪው የበረደ ይመስላል፣ ውስጡ አልበረደም። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ የእሱን እናንተ ክፈቱለት።

አቼቶው ቤት ያለው ነጩ አይደለም። ጥቁር ነው፤ ዠንጂያንግ ከምትባል ከተማ የመጣ፣ ከሚያጣብቅ ሩዝ የሚጠመቅ። ኃይለኛ አይደለም፤ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ሥራው ስቡን መቁረጥ ነው። ዲን ታይ ፈንግ ሦስት እጅ አቼቶ ለአንድ እጅ ሶይ ሶስ አድርጉ ይላል። ሙሌቱ ራሱ ጨው ስላለው ሶይ ሶሱን ባታበዙ ጥሩ ነው። ዝንጅብሉ እንደ ክር ተቆርጦ ይመጣል፤ ሁለት ሦስት ክር ይበቃል። ሚጥሚጣ ልጨምርበት የሚል አይጠፋም። ማንም አይከለክላችሁም፤ ግን የመጀመሪያውን ፍሬ ያለምንም ነገር ቅመሱት። ሾርባው ራሱ ምን እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ጥሩውን ከመጥፎው

ክሪስቶፈር ሴንት ካቪሽ የሚባል ሻንሃይ የኖረ አሜሪካዊ የምግብ ጸሐፊ በዚህ ጉዳይ ክርክር ሰልችቶት ሚዛንና የውፍረት መለኪያ ይዞ ወጣ። 52 ምግብ ቤት ዞረ። ጥቅልሉን ጠረጴዛ ላይ እየቆረጠ ሾርባውን ለብቻ፣ ሙሌቱን ለብቻ መዘነ፤ የሊጡን ውፍረት ለካ። ውጤቱን በ2015 አወጣው። ሐሳቡ ሾርባና ሙሌት በበዙ፣ ሊጥ በሳሳ ቁጥር ነጥቡ ከፍ ይላል የሚል ነው። በስሱ ሳቅ አለበት፤ ጣዕምን በሚዛን ማን ለክቶ ያውቃል? ግን ልፋቱ ከንቱ አይደለም። ሠሪው የተጠበበት ነገር ሁሉ ያ ስለሆነ ነው።

ሚዛን ለሌለን የሚሆነው ይህ ነው። አናቱን ቅመሱ፤ ጥሬ ሊጥ ከሆነ ጠርዙ አልሳሳም ማለት ነው። ስታነሱት መንጠልጠል አለበት፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይ ሾርባ የለውም ወይ ሊጡ ወፍራም ነው። ከመቀቀያው ውስጥ ሁለት ሦስቱ ቀድመው ከፈሰሱ አጠቃለሉ ላይ ችኮላ አለ። ሾርባው ከንፈር ላይ ትንሽ ማጣበቅ አለበት፤ ያ ጄላቲኑ ነው። ዘይት ብቻ ከሆነ ግን ቆዳው በቅጡ አልተቀቀለም፤ ስብ ነው ያቀረቡላችሁ።

አዘዛዙም ቀላል ነው። ብዙ ቤት ወረቀትና እርሳስ ይሰጣችኋል፤ የምትፈልጉት ፊት ለፊት ቁጥር ትጽፋላችሁ። አምስት መቀቀያ አንድ ላይ አትዘዙ። ሁለት ይምጣ፣ ይበላ፣ ከዚያ ሌላ ይታዘዝ። ሲበርድ ሊጡ ሾርባውን ይመጥና ይጠነክራል። ስለዚህ ጥቅልሉ መጥቶ የቀረ ሰው ቢኖርም «እሱ ይምጣ» ተብሎ አይጠበቅም፤ ይሉኝታ እዚህ አይሠራም። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ሁሉም ሰው ካልተሟላ ጠረጴዛ አይሰጥም። ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ ሽቅብ አትትከሉ፤ ለሞተ ሰው የሚጨስ ዕጣን ይመስልባቸዋል። ቻይና ውስጥ ከሆናችሁ ጉርሻ አትተዉ፤ አልተለመደም። ሒሳቡን እኔ ልክፈል ተብሎ ለሚደረገው ትግል ግን ሥልጠና አያስፈልጋችሁም። እነሱም አስተናጋጁን ቀድመው በጓሮ ይዘው የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው።

ወደ ቤት ይወሰዳል?

የበሰለውን አትውሰዱ። መንገድ ላይ ሲንገላታ ይቀደዳል፣ እንፋሎቱ በካርቶኑ ውስጥ ሊጡን ያላሽቀዋል። ማይክሮዌቭ ደግሞ ሊጡን ጎማ ያደርገዋል። ቤት መብላት ከፈለጋችሁ የቻይና ግሮሰሪ ውስጥ በረዶ የሆነውን ግዙ። የታሸገበት ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ «ጄላቲን» ወይም የአሳማ ቆዳ የሚለው እዚያ ይገኛል፤ ከአስተናጋጅ ይልቅ ካርቶን ይናገራል። ስትሠሩት በረዶው እንዲቀልጥ አትተዉት። ከቀለጠ ሊጡ ይረጥብና ከመቀቀያው ሳይነሳ ይቀደዳል። ውሃው መጀመሪያ ይፍላ፤ ጥቅልሎቹን በረዶ እንደሆኑ፣ ሳይነካኩ አራርቃችሁ፣ ጎመን ቅጠል ላይ ደርድሯቸው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ደቂቃ ተከተሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። እሳቱን አጥፍታችሁ ክዳኑን አንስታችሁ አንድ ደቂቃ ያህል አሳርፉት፤ ሊጡ ጠንከር ይልና ሲነሳ አይቀደድም። ማንኪያውን ግን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።